ሦስት ኮርድና አንድ ኩምቢያ፦ ስለ አታኬ 77 ለጠየቃችሁን

ስለ አርጀንቲናው የፓንክ ሮክ ባንድ ስለ አታኬ 77 የደረሱንን ደብዳቤዎች ሰብስበን በዚህ እትም መልሰንላቸዋል። የሚመሳሰሉትን አጣምረናል፣ ረጃጅሞቹን አሳጥረናል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ባንዱ የተመሠረተበት 1987 በእኛ 1979 እና 1980 ዓ.ም. ላይ ይውላል።

ጥያቄ፦ «አሴሎ ፖር ሚ» የሚለውን ዘፈናቸውን ሰምቼ ወደድኩት። አልበሞቻቸው ግን ብዙ ናቸው። ከየቱ ልጀምር? አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ከመጀመሪያው አይጀምሩ። አልበሞችን በወጡበት ቅደም ተከተል መስማት ጥሩ ልማድ ነው፣ እዚህ ግን ግር ያሰኛል። የ1989ኙን «ዱልሴ ናቢዳድ» ቢከፍቱ የሚሰሙት ድምፅ ያ የወደዱት አይደለም። «ጣፋጭ ገና» በሚል ርዕስ በወጣው በዚያ ሥራ ላይ የሚዘፍነው ፌዴሪኮ ፔርቱሲ ነው። ወንድሙ ሲሮ ያኔ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነበር። ፌዴሪኮ ሲወጣ ሲሮ ማይክሮፎኑን ያዘ፣ ቤዙን አድሪያን ቤራ ተረከበ። ጊታሩ ላይ ማሪያኖ ማርቲኔስ፣ ድራሙ ላይ ሊዮናርዶ ዴ ሴኮ ነበሩ። የ1990ው «ኤል ሲዬሎ ፑዌዴ ኤስፔራር»፣ ማለትም «ሰማይ መጠበቅ ይችላል»፣ የእነዚህ የአራቱ ሥራ ነው። «አሴሎ ፖር ሚ» ያለውም እዚያው ውስጥ ነው፤ ስለዚህ መነሻዎ እሱ ይሁን።

ቀጥሎ የ1992ቱን «አንኼሌስ ካኢዶስ» ይስሙ። ከዚያ የ1995ቱን «አሜን!»፣ የ1998ቱን «ኦትራስ ካንሲዮኔስ»፣ በመጨረሻም የ2003ቱን «አንቲኡማኖ»። በመሃል የ1993ቱን «ቶዶ ኤስታ አል ሬቤስ»ንና የ1997ቱን «ኡን ዲያ ፔርፌክቶ»ን ብንዘልም ደካማ ስለሆኑ አይደለም። በአምስት አልበም የባንዱን ለውጥ ማየት ለሚፈልግ ሰው መንገዱ የሚያጥረው እንደዚያ ሲሆን ነው። «አንቲኡማኖ» ላይ «አራንካኮራሶኔስ» የሚባለውን ሲሰሙ ከ1990ው ጋር ያነጻጽሩት። ያው ጊታሪስትና ያው ዘፋኝ ናቸው፣ ነገር ግን ዘፈኑ ይተነፍሳል፣ ቤቱና አዝማቹ በድምፅ መጠን ይለያያሉ። «ዱልሴ ናቢዳድ»ን ከዚህ ሁሉ በኋላ ቢመለሱበት ይጥምዎታል።

የ2001ዱ «ትራፖስ» መድረክ ላይ የተቀዳ አልበም ነው። ስቱዲዮውን ሳይሰሙ በእሱ አይጀምሩ፤ ሕዝቡ ከዘፋኙ እኩል ስለሚጮህ ዜማው ለአዲስ ጆሮ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ በኢንተርኔት ስፈልግ አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ አይገኝም። ምንድን ነው ችግሩ?

መልስ፦ የፊደል ነገር ነው። «ጥቃት» የሚለው የስፓኒሽ ቃል የሚጻፈው በአንድ «ቴ» ነው፣ ባንዱ ግን ሆን ብሎ በሁለት «ቴ» ይጽፈዋል። በሁለቱም ይሞክሩ። 77 ደግሞ 1977ን፣ ፓንክ በእንግሊዝ የፈነዳበትን ዓመት ነው። ልጆቹ ባንዱን ያቋቋሙት ከዚያ አሥር ዓመት ዘግይተው ነው፤ ስሙ ላይ ትንሽ ናፍቆት አለበት ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ አርጀንቲና በወታደሮች ስትገዛ ፓንክ እንዴት ተፈቀደ? ወይስ አታኬ 77 የመጣው ከዚያ በኋላ ነው? አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ አታኬ 77 የሲቪል ዘመን ልጅ ነው። ወታደሮቹ ሥልጣን የያዙት ማርች 24 ቀን 1976፣ ለተመረጠ መንግሥት ያስረከቡት ዲሴምበር 10 ቀን 1983 ነው። በዚያ መሃል መንገዱን የጠረጉት ሎስ ቢዮላዶሬስ የተባሉ ሌላ ባንድ ናቸው። የመጀመሪያ አልበማቸው በ1983 ወጣ፣ ውስጡም «ሬፕሬሲዮን»፣ ማለትም «ጭቆና» የሚል ዘፈን ነበረበት።

ስማቸውን ለመረዳት አማርኛ ይመቻል። «መድፈር» ስንል ሴት መድፈርንም፣ ሕግ መድፈርንም፣ ድንበር መድፈርንም እንላለን። የስፓኒሹ ቃልም እንደዚያው ነው፣ «ደፋሪዎቹ» እንደማለት። ይህ ስም በማስታወቂያ ላይ ሊለጠፍ አይችልም ሲባል አንዲት ፊደል እየተጎረደች «ሎስ ቦላዶሬስ»፣ ማለትም «በራሪዎቹ» እየተባሉ የቀረቡበት ጊዜ አለ። በ1985 ባወጡት ሁለተኛ አልበማቸው ላይ ያለው «ኡኖ፣ ዶስ፣ ኡልትራቢዮሌንቶ» ከዚያ በኋላ ለመጣው ትውልድ ሁሉ መማሪያ ሆነ።

ልዩነታቸው ይህ ነው። ሎስ ቢዮላዶሬስ ፖሊሱ በሚያስፈራበት ዘመን የዘፈኑ ናቸው። አታኬ 77 ፖሊሱ ሳይሆን የገንዘቡ ዋጋ መውደቅ ያሳሰበው ትውልድ ድምፅ ነው።

ጥያቄ፦ ስለ ገንዘቡ ካነሳችሁ አይቀር፣ ገና ስም የሌለው ባንድ በዚያ የዋጋ ንረት ውስጥ እንዴት ሸክላ አሳተመ?

መልስ፦ ብቻውን አላሳተመም። ሬዲዮ ትሪፖሊ የሚባል አነስተኛ የሙዚቃ አሳታሚ በ1988 «ኢንባሲዮን 88» የሚል የስብስብ ሸክላ አወጣ። አታኬ 77 እዚያ ላይ ከፍሌማና ከሌሎች የፓንክ ባንዶች ጋር ጥቂት ዘፈን አስቀዳ። የስብስብ ሸክላ ስሌት ቀላል ነው። አንድ የ12 ኢንች ሸክላ በአንድ ፊት ከ20 ደቂቃ ብዙም ያልበለጠ ይይዛል። የፓንክ ዘፈን ሁለት ሁለት ደቂቃ ተኩል ከሆነ በሁለቱ ፊት 16 ያህል ዘፈን ይገባል። ለስምንት ባንድ ሁለት ሁለት ቢደርስ የስቱዲዮውም፣ የሽፋኑም፣ የማተሚያውም ወጪ በአንድ ሸክላ ያልቃል። የእያንዳንዱ ባንድ ወዳጅ ሊገዛ መጥቶ የሌላውን ሰባት ባንድ ሰምቶ ይሄዳል። ጉዳቱ የድምፁ ጥራት ነው። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብዙ ባንድ ሲቀዳ ለየባንዱ ድራሙን ለማስተካከል ጊዜ አይኖርም፣ ሁሉም አንድ ዓይነት የቆርቆሮ ድምፅ ይዞ ይወጣል።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1989፣ የአገሪቱ የዓመቱ የዋጋ ንረት ከ3,000 በመቶ በላይ ሄደ። ፕሬዚዳንት ራውል አልፎንሲን የሥራ ዘመናቸው ሳያልቅ በጁላይ ሥልጣኑን ለካርሎስ ሜኔም አስረከቡ። «ዱልሴ ናቢዳድ» የወጣው በዚህ ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል። ከኤፕሪል 1991 ጀምሮ ገንዘቡ በሕግ ከዶላር ጋር ተቆራኘ፤ ከ1992 እስከ 2002 መጀመሪያ አንድ ፔሶ በአንድ ዶላር ነበር። ይህ ለሙዚቃው ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ከውጭ የሚመጣ ጊታርና አምፕሊፋየር በደመወዝ የሚደረስበት ዕቃ ሆነ። ሁለተኛ፣ ክፍያቸውን በዶላር የሚጠይቁ የውጭ ባንዶችን መጥራት ተቻለ። የኒውዮርኩ ራሞንስ በ1987 አንዴ መጥተው ነበር፤ ከ1991 በኋላ ግን ቦነስ አይረስን እንደ ሰፈራቸው ተመላለሱባት። ማርች 16 ቀን 1996 በሪቨር ፕሌት ስታዲየም ሲሰናበቱ ኢጊ ፖፕና የጀርመኖቹ ዲ ቶተን ሆዘን አብረዋቸው ነበሩ። አታኬ 77ም በዚያው መድረክ ላይ ተጫውቷል። በአሜሪካ በመካከለኛ አዳራሽ የሚጫወት ባንድ በአርጀንቲና ስታዲየም የሚሞላበት ምክንያት እስከ ዛሬ ያከራክራል። በእኛ ግምት ቋንቋውን ሳያውቁ የሚዘፈን ዜማ ስለነበራቸው ነው፤ የኳስ ሜዳ ጭፈራ ለለመደ ሕዝብ ያ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ የሠርግ ቤት ዘፈን በፓንክ ተጫውተዋል የሚባለው እውነት ነው? ለምን? እኔም ባንድ ስላለኝ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ እፈልጋለሁ። አንባቢ፣ ከቴል አቪቭ

መልስ፦ እውነት ነው። የባንዱን ታሪክ በአንድ ዘፈን አሳዩ ብትሉን የምናነሳውም እሱን ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበታለን።

ሂልዳ በሚል የመድረክ ስም የምትታወቀው ሚሪያም አሌሃንድራ ቢያንኪ መዋዕለ ሕፃናት ስታስተምር ቆይታ ወደ ኩምቢያ ሙዚቃ የገባች ድምፃዊት ነበረች። ኩምቢያ በቦነስ አይረስ ዙሪያ ያለው ሠራተኛ ቅዳሜ ማታ የሚጨፍርበት ነው። ሴፕቴምበር 7 ቀን 1996 ወደ ሥራዋ ስትጓዝ በኤንትሬ ሪዮስ አውራጃ በመኪና አደጋ ሞተች። አድናቂዎቿ ቦታውን የስለት ቦታ አደረጉት፤ ሻማ፣ አበባና ፎቶ ይወስዱላታል። በ1998 አታኬ 77 የሌሎችን ሥራ ብቻ የያዘውን «ኦትራስ ካንሲዮኔስ»፣ ማለትም «ሌሎች ዘፈኖች» የተባለውን አልበም ሲያወጣ «ኖ ሜ አሬፒዬንቶ ዴ ኤስቴ አሞር» የሚለውን የእሷን ዘፈን አካተተ። «በዚህ ፍቅር አልጸጸትም» እንደማለት ነው።

ያኔ ሮክ የሚሰማ ልጅ ኩምቢያን ይንቅ ነበር። ፓንክ የሚሰማው ደግሞ ከዚያ በፊት «አሴሎ ፖር ሚ» በየሬዲዮው ሲለቀቅ «ተሸጡ» ብሎ ሲያማቸው የነበረ ነው። ባንዱ ለሐሜቱ መልስ አድርጎ ይበልጥ ጠንካራ ፓንክ አልሠራም፤ የተናቀውን ዘፈን አንስቶ በራሱ ጉልበት ዘፈነው። እኛ ከሥራዎቻቸው ሁሉ ደፋሩ ይህ ነው እንላለን፤ ስድብ ከሞላባቸው ዘፈኖች ሁሉ ይልቅ። ዘፈኑ ከዚያ ወዲያ ከሁለቱም ጎራ አመለጠ፤ በ2015 ማውሪሲዮ ማክሪ ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ በፈጸሙ ዕለት በቤተ መንግሥቱ ሰገነት ላይ የጨፈሩት በእሱ ነው። ፓንክ ለዚያ ተጠያቂ አይደለም።

አሁን ወደ አሠራሩ። ኩምቢያ በሁለት የሚቆጠር ምት ነው፣ ፍጥነቱም በደቂቃ ከ90 እስከ 100 አካባቢ ይሆናል። ብዙ ባንድ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ዘፈኑን በሙሉ ያፈጥኑታል፣ ዘፋኙ ቃል ይውጣል፣ ዜማውም ይቀልዳል። ትክክለኛው ዘዴ ዘፋኙን ሳይነኩ ድራሙን ብቻ ማጠፍ ነው። ዘፋኙ በ95 ያለ ዘፈን ውስጥ ነው፣ ድራመሩ ግን እያንዳንዱን ምት ሁለት አድርጎ በ190 ይሄዳል። ሁለቱ በየመስመሩ መጀመሪያ ላይ ይገናኛሉ። በመጀመሪያው ልምምድ ዘፋኙና ድራመሩ ብቻ ይሁኑ፤ ጊታሩን ሦስተኛ ቀን ይጨምሩት።

ቀጥሎ እየተፋቀ ምት የሚሰጠውን መሣሪያ፣ ኪቦርዱንና አኮርዲዮኑን አውጡ። እነዚህ ሲወጡ በመስመርና በመስመር መካከል ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ኩምቢያ ውስጥ እዚያ ቦታ ላይ ኪቦርዱ ይመልስ ነበርና። ያንኑ መልስ ወይ ጊታሩ በአንድ ክር ይጫወተው ወይ አጃቢዎች በድምፅ ይበሉት። ባዶ ከተተወ ዘፈኑ ያነክሳል።

ኮርዶቹን ወደ ባለ ሁለት ድምፅ ኮርድ ስትቀይሩ ሦስተኛው ድምፅ ይጠፋል። ዘፈኑ የደስታ ይሁን የሐዘን የሚለየው ያ ድምፅ ነበር፤ ከእንግዲህ ይህን የሚናገረው ዘፋኙ ብቻ ነው። ዘፋኙ በግማሽ ድምፅ ቢስት ዘፈኑ ጠባዩን ይለውጣል፣ ጊታሩም አያድነውም። የሴት ዘፈን ለወንድ ሲሆን ደግሞ ከፍታውን አራት ወይም አምስት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ወይም ከፍ አድርጋችሁ ሞክሩ፤ አዝማቹ ዘፋኙን የሚያስጮኸው ግን የማያስለው ቦታ ላይ ሲደርስ አቁሙ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በሁለት የሚቆጠር ዘፈን ሁሉ በዚህ መንገድ ይታጠፋል። እንደ ጭክጭካ በስድስት ስምንተኛ የሚሄደው ግን አይታጠፍም። ምቱ በሦስት በሦስት ስለሚከፈል በቀጥታ የፓንክ ድራም ቢጫንበት ውዝዋዜው ይሞታል፤ ለእሱ ሌላ የድራም አካሄድ ማበጀት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ስፓኒሽ እየተማርኩ ነው። አስተማሪዬ «አድርገው» በስፓኒሽ «አስሎ» ነው አለችኝ። እነሱ «አሴሎ» ይላሉ። ተሳስተው ነው?

መልስ፦ አልተሳሳቱም፣ አስተማሪዎም አልተሳሳተችም። ማድሪድና ሜክሲኮ «አንተ» ለማለት «ቱ» ይላሉ፣ ቦነስ አይረስ ግን «ቦስ» ትላለች። ከ«ቦስ» ጋር ትእዛዙም ይለወጣል፤ «አስ» የነበረው «አሴ» ይሆናል፣ የሚጠብቀውም መጨረሻው ነው። «አሴሎ ፖር ሚ» ማለት «ለእኔ ስትል አድርገው» ነው። ሲጻፍ ከፊት ያለችው «ሀ» ድምፅ የላትም።

ሌላው የሚያደናግረው «ሽ» ነው። ሌላው ዓለም «የ» የሚለውን ቦነስ አይረስ «ሸ» ትለዋለች፤ «ዮ»፣ ማለትም «እኔ»፣ እዚያ «ሾ» ነው፣ «ካዬ»፣ ማለትም «መንገድ»፣ «ካሼ» ነው። ሁለቱንም ባሕርይ በአንድ ርዕስ ለመስማት የሌላ ባንድ ዘፈን እንጠቁምዎ። በላኑስ ወረዳ ከባሌንቲን አልሲና ሰፈር የወጡት ዶስ ሚኑቶስ በ1994 ባወጡት አልበማቸው ላይ «ሻ ኖ ሶስ ኢጓል» የሚል አለ። «ሻ» የመጽሐፉ «ያ» ነው፣ «ሶስ» ደግሞ የ«ቦስ» ግሥ ነው፤ በመጽሐፍዎ «ኤሬስ» ተብሎ ያገኙታል። «አንተ ድሮ የማውቅህ አይደለህም» ይላል፤ የሚናገረው ስለ አንድ ፖሊስ የሆነ የሰፈር ጓደኛ ነው። ዘፈኖቹን እያዳመጡ በጽሑፍ መከታተል ከፈለጉ አማርኛ ተናጋሪ ዕድለኛ ነው፤ «ሸ»ም «ኸ»ም ፊደሉ ውስጥ አሉለት፣ እንደሰሙት ይጻፉት።

ጥያቄ፦ አሁን የሚዘፍነው ሲሮ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሲሮ ፔርቱሲ በ2009 ወጣ፣ በኋላም ሃውሪያ የሚባል ባንድ መሠረተ። ከዚያ ወዲህ መሪ ድምፃዊው ጊታሪስቱ ማሪያኖ ማርቲኔስ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው «ኤስታሻር» የእሱ ድምፅ መሪ የሆነበት የመጀመሪያው አልበም ነው። የ2019ኙ «ትሪያንጉሎ ዴ ፉዌርሳ» ደግሞ ስሙ እንደሚለው የሦስት ሰው ኃይል ነው። ጊታር እየመቱ መዝፈን የጊታሩን አሠራር ስለሚቀንስ ቤዙ ይበልጥ ይሰማል፤ የቤዝ ተጫዋቹን ሉሲያኖ ስካሊዮኔን ለማዳመጥ የሚመቹት እነዚህ የኋለኞቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ እኛ እዚህ በዓላትን አዳራሽ ተከራይተን ነው የምናከብረው። በአርጀንቲና በሮክ ኮንሰርት ላይ ብዙ ወጣት ያለቀበት እሳት የእነሱ ዝግጅት ነበር? ምን ነበር ስህተቱ? አንባቢ፣ ከቨርጂንያ

መልስ፦ የእነሱ አልነበረም። ዲሴምበር 30 ቀን 2004 በኦንሴ ሰፈር ሬፑብሊካ ክሮማንዮን በተባለ አዳራሽ ሲጫወት የነበረው ካሼኼሮስ የሚባል የሮክ ባንድ ነው። 194 ሰው ሞቷል። ጥያቄው ግን ከአታኬ 77 ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ።

«ትራፖስ» የሚለውን የአልበም ርዕስ ቀደም ብለን ጠቅሰናል። በቀጥታ ሲተረጎም «ጨርቆች» ነው። ደጋፊዎች የሰፈራቸውን ስም ጽፈው የሚሰቅሉት ባንዲራ ማለት ነው፣ ከኳስ ሜዳ የመጣ ልማድ። ከባንዲራው ጋር ደግሞ ከዚያው ከሜዳ የችቦ ርችት መጣ። ሜዳ ላይ ጭሱ ወደ ሰማይ ይሄዳል። አዳራሽ ውስጥ ጣሪያው ያግደዋል።

በክሮማንዮን ርችቱ የነካው ጣሪያው ላይ የተወጠረ የፕላስቲክ መረብንና ድምፅ እንዲውጥ የተለጠፈ ስፖንጅ ነው። ያ ዓይነት ስፖንጅ ሲቃጠል ሲያናይድ ያለበት ጋዝ ያወጣል፤ አብዛኞቹን የገደለው ነበልባሉ ሳይሆን ይህ ጭስ ነው። የአዳራሹ ፈቃድ ለ1,031 ሰው ነበር፣ የገባው ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ሕዝቡ የሮጠበት የአደጋ ጊዜ በር ደግሞ ተቆልፎ ነበር። ከእነዚህ ከአራቱ፣ ማለትም ከርችቱ፣ ከስፖንጁ፣ ከቁጥሩና ከበሩ፣ አንዱ እንኳ ቢጎድል የሟቹ ቁጥር ይህን አይሆንም ነበር።

ስለዚህ አዳራሽ ስትከራዩ በብርሃን ሂዱ። በሮቹን ሁሉ በእጃችሁ ግፉ፤ ወደ ውጭ መከፈት አለባቸው፣ ከኋላቸው ወንበርም ሆነ የድምፅ ዕቃ ሳጥን መደርደር የለበትም። «በነጻ እንዳይገቡ» ተብሎ የጎን በር የሚቆለፍ ከሆነ በሩ ላይ ሰው አቁሙ እንጂ ሰንሰለት አታድርጉ። ፈቃዱ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ፤ ትኬት ከዚያ በታች ይሸጥ፣ ምክንያቱም ባንዱ፣ አስተናጋጁና ሕፃናቱም ይቆጠራሉ። ግድግዳ ላይ የእንቁላል ማስቀመጫ የመሰለ ስፖንጅ ካያችሁ እሳት መቋቋሙን የሚያሳይ ወረቀት ጠይቁ፤ ወረቀት ከሌለ አዳራሹን ተዉት። ኬክ ላይ የሚሰካው ብልጭልጭታም ርችት ነው።

ከእሳቱ በኋላ የከተማዋ ከንቲባ አኒባል ኢባራ በ2006 በክስ ከሥልጣን ተነሱ። ቁጥጥሩ ሲጠብቅ ትንንሽ አዳራሾች በብዛት ተዘጉ። እንደ አታኬ 77 ትልቅ አዳራሽ የሚሞሉት ብዙም አልተጎዱም፤ ከመቶ ሁለት መቶ ሰው ፊት የሚጫወተው ጀማሪ ፓንክ ነው መድረኩን ያጣው።

ጥያቄ፦ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ጊታር ስድስት ወር ተምሬያለሁ። እንደነሱ ለመምታት ስሞክር ሁለተኛው ዘፈን ላይ ክንዴ ይደነዝዛል። ምን ላድርግ? ከሐዋሳ

መልስ፦ መጀመሪያ ምን እየሞከርክ እንደሆነ እንቁጠር። የዚህ ዓይነቱ ጊታር ከራሞንስ የተወረሰ ነው፤ ፒኩ፣ ማለትም ክሩ የሚመታበት ቁራጭ፣ ሁልጊዜ ወደ ታች ብቻ ይመታል። በደቂቃ 180 በሚሄድ ዘፈን ለእያንዳንዱ ምት ሁለት ጊዜ ስትመታ በሴኮንድ 6 ይሆናል። ዘፈኑ ሁለት ደቂቃ ተኩል ከሆነ 900 ጊዜ መታህ ማለት ነው። ክንድህ ቢደነዝዝ አይገርምም።

የሚያደክምህ ግን ቁጥሩ ብቻ አይደለም። ከክርንህ እየመታህ ከሆነ ትልቁን ጡንቻ ለትንሽ ሥራ እያዋልከው ነው። የክንድህን መሃል ጊታሩ ጠርዝ ላይ አሳርፈውና አንጓህ ብቻ ይንቀሳቀስ። ፒኩ ክሩን ሁለት ሚሊሜትር ያህል ብቻ ይንካ፤ ጠልቆ ከገባ እያንዳንዱ ምት ያግድሃል። በጣም ስስ ፒክ ይታጠፍና ይዘገያል፣ በጣም ወፍራሙ አንጓህን ይገፋል፤ ከ0.73 እስከ 1 ሚሊሜትር ያለው ይስማማሃል። ጊታሩን ጉልበትህ ድረስ አታውርደው። ለፎቶ ያምራል፣ አንጓህን ግን ያጥፈዋል።

ለልምምድ ሦስት ኮርድ ይበቃል። ወፍራሙ ስድስተኛ ክር ላይ አምስተኛው ፍሬት ላ ነው። አምስተኛው ክር ላይ አምስተኛው ፍሬት ሬ፣ ሰባተኛው ደግሞ ሚ ነው። በእያንዳንዱ ላይ አመልካች ጣትህን አድርገህ በቀለበት ጣትህ በቀጣዩ ክር ሁለት ፍሬት ወደፊት ያዝ። የአመልካች ጣትህ ሆድ የቀሩትን ቀጫጭን ክሮች ሳይጫን ይንካቸው፤ ካልነካቸው እነሱ ይጮሃሉ፣ አንተም ጊታሩ ቅኝቱ የተበላሸ ይመስልሃል።

ሜትሮኖሙን፣ ማለትም ምት ቆጣሪውን፣ 120 ላይ አድርገህ ለሦስት ደቂቃ ሳታቋርጥ ምታ። ሳይደነዝዝህ ሁለት ቀን ከሠራህ 5 ጨምር። እንዲህ እያልክ 180 ለመድረስ አንድ ወር አይበቃህም ይሆናል። ማቃጠል ሲሰማህ ፍጥነቱን ቀንስ፤ መውጋት ከሆነ ግን የዚያን ቀን አቁም።

አምፕሊፋየሩ ላይ ዲስቶርሽኑን፣ ማለትም ድምፁን የሚያሻክረውን፣ እስከ መጨረሻ አታዙረው። በዚህ ፍጥነት ምቶቹ ተዋህደው እንደ ቫኩም ክሊነር ያጓራሉ። ግማሽ ላይ አድርገው፣ የመካከለኛውን ድምፅ ከፍ አድርግ። ቤትህ ብቻህን ስትሆን መካከለኛውን መቀነስ ደስ ይላል፤ ድራሙና ቤዙ ሲገቡ ግን ድምፅህ የት እንደገባ አታውቀውም። ድራመሩንም አንድ ነገር ለምነው፦ ከ180 በላይ ሲሄድ ሃይሃቱን፣ ማለትም ጥንዱን ጸናጽል፣ በእያንዳንዱ ምት አንዴ ብቻ ይምታው። ሁለት ሁለት ጊዜ ለመምታት ሲታገል ሳያውቀው ይፈጥናል፣ ያኔ አንተን የሚያደክምህ ዘፈኑ መሆኑ ይቀርና እሱ ይሆናል።